ከኋላ ብቻ የምትታየው ጋላቢ

ዜልማ ክራቶንን መጀመሪያ ያየኋት ፈረስ ልትሸጥ ስትመጣ ነው። አባቷ ከሞቱ በኋላ እርሻቸውን ባንክ ወስዶባቸው፣ የተረፉትን ፈረሶች እየነዳች፣ እናቷን በጋሪ አስቀምጣ ሎስ አንጀለስ አጠገብ እስካሉት የኒውሆል ኮረብታዎች ድረስ ወረደች። እኔ ያን ጊዜ በሚስተር ኦሪን ማክስዌይን የፊልም ድርጅት ውስጥ የልብስ ክፍሉን እይዝ ነበር። ልብስ ክፍል ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ድንኳን፣ አንድ በእግር የሚመታ የስፌት መኪና፣ ጥይት የበሳቸው እንዲመስሉ በሲጋራ የተቃጠሉ ሸሚዞች፣ የሸሪፍ ኮከብ የሞላበት የብስኩት ጣሳ፣ ይኸው ነው። ድምፅ የሌለውን የካውቦይ ፊልም እየፈለፈልን አገሩን ያጥለቀለቅነው በዚህ ነበር።

ማክስዌይን ፈረሶቹን ሊያዩ ወጡ። ወፍራም፣ ፊታቸው የቀላ፣ ድምፅ የሚያጎላውን የጩኸት ቀንዳቸውን ከእጃቸው የማይለዩ ሰው ነበሩ። ቤታቸው ውስጥ ጨው አቀብሉኝ የሚሉትም በቀንዱ ነው እያልን እናማቸው ነበር።

“የሚዘለው የትኛው ነው?” አሉ።

“ሁሉም ይዘላሉ። የሚጋልባቸው ሰው ካልፈራ።”

“እስቲ አሳዪኝ።”

እኛ በረጅሙ ጠረጴዛ ምሳ እየበላን ነበር። ልጅቷ ግራ ቀኝ አየች፤ ሌላ የሚዘለል ነገር አጣች መሰለኝ፣ ዳማውን ፈረስ ኮልኩላ በእኛ በራሳችን ላይ ዘለለች። የፈረሱ ሆድ ከባርኔጣዬ በላይ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። ወጥ ሠሪው ደንግጦ ሾርባውን ደፋ እንጂ ፈረሱስ አንድ ማንኪያ አልነካም።

“ፈረሶቹን ገዝቻለሁ” አሉ ማክስዌይን። “አንቺስ?”

“እኔ አልሸጥም።”

“ሥራ ማለቴ ነው፣ አንቺ!”

“እሱ ከሆነ መልካም።”

ሥራዋ እንዲህ ነበር። የድርጅቱ ዋና ተዋናይ ሚስ ሴሌስት በጣም ውብ ነበረች፤ ካሜራ ፊት ዓይኗ እንባ ሲያቀርር ድንኳን ተካዮቹ ሳይቀሩ አፍንጫቸውን ይጠርጉ ነበር። ፈረስ ግን እንደ እባብ ነው የምትፈራው። ስለዚህ ሴሌስት እግሯን እርካብ ላይ ታደርጋለች፣ ካሜራው ይቆማል፣ ዜልማ በሴሌስት ቀሚስና እኔ ባበጠርኩት ቢጫ ዊግ ትወጣለች። ትጋልባለች፣ ወንዝ ትሻገራለች፣ ከሚሮጥ ባቡር ትዘላለች፣ ትወድቃለች። ከዚያ ካሜራው እንደገና ይቆምና ሴሌስት አፈሩ ላይ ተጋድማ ዓይኗን ቀስ አድርጋ ትገልጣለች። ዜልማ የምትታየው ከኋላ ብቻ ነው። እናቷ ከተማ ወርደው ፊልሙን ሲያዩ፣ ፒያኖው እየተመታ፣ “ያቺ ልጄ ናት! ጀርባዋ ነው! ልብሷን አጥቤዋለሁ እኮ አውቀዋለሁ!” ብለው ጮኸው አዳራሹን አሳቁት።

እናቲቱ ብዙም አልቆዩም። ያ ዓለሙን ሁሉ የፈጀው የኅዳር በሽታ እኛም ጋ ደረሰ። እናትና ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደቁ። ሐኪም ቤቱ ሞልቶ ሰው ደጅ ላይ ይተኛል። የማክስዌይን ሚስት፣ ሚስስ ሎቲ፣ አፋቸውን በጨርቅ አስረው መጡና ሁለቱንም ወደ ገዛ መኝታ ቤታቸው አስገቧቸው። እኛ ደጃፍ ላይ ምግብ አስቀምጠን እየሸሸን ነበር፤ እሳቸው ግን ገብተው ያጥቡ፣ ያጎርሱ ነበር። እናቲቱ በሚስስ ሎቲ ክንድ ላይ አረፉ። መቃብር ቆፋሪዎቹ ታመው ስለነበር ጉድጓዱን ማክስዌይን እራሳቸው ቆፈሩ። ዜልማ ከትኩሳቱ ስትነቃ ነገሩ ሁሉ አልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ሰዎች ልጅ ሆነች። እነሱም ልጅ አልነበራቸውም።

ሌፍ ዶርሴት የመጣው ከጦርነቱ መልስ ነው። ከቴክሳስ ወገን፣ ረጅም፣ ጆሮው ከባርኔጣው ሥር እንደ ማሰሮ ጆሮ የሚወጣ ጎረምሳ። ሥራው መውደቅ ነበር። ከፈረስ፣ ከጣሪያ፣ ከመጠጥ ቤት ሰገነት። ምን ትሠራለህ ሲሉት፣ “እወድቃለሁ፤ አልፎ አልፎም እነሳለሁ” ይል ነበር። ዜልማን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደዳት፤ ይህን ከእሷ በቀር የማያውቅ አልነበረም። ብርቱካን እየላጠ ያመጣላታል። ኮርቻዋን ቀድሟት ይጭናል፤ እሷ ደግሞ ትፈታና ራሷ ትጭነዋለች።

“አላመንሽኝም?” ይላታል።

“ከሦስት ፈረስ ላይ ስትወድቅ ያየሁህ ትናንት ነው። አንተ የጫንከውን ኮርቻ ማን ይቀመጥበታል?”

“ተከፍሎኝ ነው እኮ የምወድቀው!”

“ያለ ክፍያም አይቼሃለሁ። ቅዳሜ ዳንስ ላይ።”

ልቧ ግን ወደ እሱ ማዘንበሉን ዊጉን ሳደርግላት አያለሁ። በመስታወቱ እሱ ሲያልፍ ዓይኗ ይከተለዋል። ብጠይቃት ግን፣ “ኦቲዬ፣ ተዪኝ። ሚስተር ማክስዌይን ጋላቢ አግብታ የምትቀር ልጅ አላሳደግኩም ይላሉ” አለችኝ። እውነትም ይሉ ነበር። ጋላቢ በሙሉ ወይ አንገቱን ይሰብራል ወይ ይሄዳል የሚል እምነት ነበራቸው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አንድ፣ ማክስዌይን ትልቁን ፊልማቸውን ጀመሩ። ገንዘባቸውን ሁሉ፣ የሌሎች ባለሀብቶችንም ገንዘብ፣ እዚያ ላይ አፈሰሱት። ታሪኩ የአንድ ከብት አርቢ ሴት ልጅ የአባቷን የውሃ ጉድጓድ ያጠረ ምስኪን ሰፋሪ ወደደች የሚል ነው። አባት የሰፋሪውን ጎጆ ሊያቃጥል ሰው ያስከትላል። ልጅቷ የምትሄድበት ይጠፋታል፤ አባቷን ትክዳለች ወይስ ፍቅሯን? መጨረሻ ላይ በሁለቱ ጠመንጃ መካከል እጇን ዘርግታ ትቆማለች። ማክስዌይን ፊልማቸው ሁሉ ከዚህ ብዙም አይርቅም ነበር። ግን ያምኑበታል። ሲተርኩልን ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል።

ዜልማ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ “ሚስተር ማክስዌይን፣ እኛ አገር በሁለት ጠመንጃ መካከል የቆመ ሰው ቢኖር ሁለቱም ይተኩሱበት ነበር” አለቻቸው።

“አንቺ ፍቅር ምን ታውቂያለሽ!”

“ጠመንጃውን ነው የማውቀው።”

ሁሉም ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ሌፍ ብቻ አልሳቀም፤ ሳህኑን አተኩሮ ያይ ነበር።

ከዚያ የወንዙ ዳር ቀን መጣ። ፍቅረኞቹ የሚለያዩበት ትዕይንት ነው። ሴሌስት ጉንፋን ይዟት ተኝታለች፤ ወንዱ ተዋናይ ከተማ ሄዷል። ብርሃኑ ግን የተለየ ነበር፤ ውሃው እንደ መዳብ ያበራል። ማክስዌይን ሊያልፉት አልቻሉም። “ከሩቅ እናነሳዋለን! ዜልማ፣ ዊግሽን። ሌፍ፣ የእሱን ኮት ልበስ።” ኮቱ ጠበበው፤ ከጀርባው ቀድጄ በመርፌ ያዝኩለት። ሁለቱን ወንዙ ማዶ አቆምናቸው። ካሜራ ነሺው መዘውሩን ማዞር ጀመረ።

“ያዛት!” ጮኹ ማክስዌይን በቀንዳቸው። “አሁን ተናገር! ከንፈርህ ይንቀሳቀስ! የፈለግከውን በል፣ ማንም አይሰማህም!”

እሱ ተናገረ። እኛ የምናየው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ካሜራ ነሺው፣ “ዛሬ ደግሞ ምን ነካው፣ ጥሩ አድርጎ ይሠራል” አለ። ዜልማ እንደ ድንጋይ ደርቃ ቆመች። እጇን አንዴ ወደ ፊቱ አነሳች፤ እንዲህ አድርጊ ያላት ሰው አልነበረም።

“አሁን ተለዪው! አባትሽን አስቢ! ሩጪ ወደ ፈረሱ!”

ሮጠች። ወጣች። ጋለበች። ኮረብታውን አልፋ ከካሜራው ዓይን ከወጣች በኋላም አልቆመችም፤ ስትመለስ ፈረሱ በላብ ነጭ ሆኖ ነበር። እኔ ዊጉን ከራሷ ሳነሳ ፊቷን አየሁ፤ እንባ ነበር።

“ምን አለሽ?” አልኳት።

“አግቢኝ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ሥራ አይደለም አለኝ። እኔ ምን ልበል? ካሜራው እየዞረ ነው፣ ሚስተር ማክስዌይን ሩጪ እያሉ ነው። ሮጥኩ።”

“አሁን ሂጂና ንገሪው እንጂ!”

“ምኑን? እኔስ መቼ አወቅኩት፣ ኦቲ? የሮጥኩት ስለታዘዝኩ ይሁን ስለፈራሁ አላውቀውም።”

እሱም አልጠየቃት። ብርቱካኑን ግን ማምጣት አላቋረጠም።

ጋሪው የወደቀው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር የታሰበው። ሌፍ በአራት ፈረስ የሚጎተት ጋሪ ወደ ገደሉ አፋፍ እየነዳ ይመጣል። ፈረሶቹን ከጋሪው ጋር የሚያያይዝ አንድ ወፍራም ብረት አለ፤ በገመድ ሲሳብ ይነቀላል። ፈረሶቹ ወደ ቀኝ ያመልጣሉ፣ ሌፍ ይዘላል፣ ጋሪው ባዶውን ገደል ይገባል። በልምምዱ ብረቱ ነከሰና ቶሎ አልነቀል አለ። እንደገና ሞከሩት፤ እንደገና ነከሰ።

“ሚስተር ማክስዌይን፣ ይህ ብረት በሞረድ መነካት አለበት” አለ ሌፍ። “ይዘገያል።”

“አንጥረኛው ከተማ ነው። ነገ ነው የሚመለሰው።”

“እንግዲያው ነገ እንሥራው።”

ማክስዌይን ወደ ሰማይ አዩ። ከባለሀብቶቹ አንዱ በቀጣዩ ቀን ሊመጣ ነበር፤ ሥራው ዘግይቷል እያለ ሲያስፈራራቸው ነው የሰነበተው። “ፀሐዩ እየሄደ ነው፣ ልጄ። ቅባት አድርግበትና ጠንከር አድርገህ ሳብ።”

የፊተኞቹን ፈረሶች ልጓም ይዛ የቆመችው ዜልማ ናት። ሌፍ ወደ እሷ አየ። እሷ ወደ ማክስዌይን አየች።

“ልቀቂ፣ ዜልማ!” አሉ በቀንዱ።

ለቀቀች።

ብረቱ አልተነቀለም፤ ሲነቀልም ዘግይቶ ነበር። ሌፍ ገመዱን በሁለት እጁ ሲጎትት አየሁት፤ መዝለል ይችል ነበር፣ ግን ከዘለለ ፈረሶቹ ከጋሪው ጋር መግባታቸው ነው። ሦስቱን አዳነ። ያ በራሳችን ላይ የዘለለው ዳማ ፈረስ ጋሪው ጎትቶት ገባ። ሌፍም አብሮ። ዜልማ ቀድማን ወረደች፤ በቂጧ እየተንሸራተተች፣ ቀሚሱ ተቦጫጭቆ። ስደርስ የሌፍን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ “አትተኛ፣ አትተኛ፣ አንተ ረጅም፣ አየኸኝ?” ትለው ነበር። ዳሌው ተሰባብሯል።

ካሜራ ነሺው መዘውሩን አላቆመም ነበር። አልፈርድበትም፤ እጁ የለመደውን ነው የሠራው።

ሌፍ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ ድርጅቱ ለሕክምናው ኃላፊነት የለብኝም አለ። ባለሀብቶቹ ጠበቃ ይዘው መጡ። መጠጥ በአዋጅ የተከለከለበት ዘመን ነው፤ ነጂው ሰክሮ ነበር ከተባለ ነገሩ አበቃ። ነገሩን ያከፋው ደግሞ ፍጹም ውሸት አለመሆኑ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ብርድ ነበር፤ ወጥ ሠሪው የፈላ የፖም ጠጅ አዙሮልን ነበር። ሌፍም ጠጥቷል። ሁላችንም ጠጥተናል።

ማክስዌይን ዜልማን በረት አጠገብ አገኟት። እኔ ኮርቻ ላይ ተቀምጬ ቁልፍ እየተከልኩ ነበር፤ አላባረሩኝም።

“ለምስክርነት ስትቀርቢ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠይቁሽ” አሉ። ቀንዳቸውን አልያዙም፤ ያለ እሱ ድምፃቸው ትንሽ ነበረች። “ጠጥቶ ነበር ወይ ይሉሻል። አዎ በይ። ውሸት አይደለም።”

“ስለ ብረቱስ?”

“ካልጠየቁሽ ምን አስለፈለፈሽ?”

“ከጠየቁኝስ?”

ባርኔጣቸውን አወለቁ። “ዜልማ፣ ይህ ፊልም ካልወጣ እኔ ወደቅኩ። ቤቱም ይሄዳል። የሚቀጥለውን ሥራ ለአንቺ ነው ያሰብኩት፤ ከፊት ለፊት። ሴሌስት ሳትሆን አንቺ። ስምሽ ይጻፋል።”

“እኔ እኮ እንዲያ ብዬ ጠይቄዎት አላውቅም።”

“አውቃለሁ” አሉ፤ አፍረውም ሄዱ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ለእሷ እንዴት በቀለላት።

ከባሎቻቸው ይልቅ ሚስቶች ይከብዳሉ። በማግስቱ ሚስስ ሎቲ ጠሯትና በረንዳ ላይ አተር እየፈለፈሉ አስቀመጧት። ይህን የነገረችኝ ዜልማ ራሷ ናት።

“ስለ እናትሽ አላነሳም” አሉ ሚስስ ሎቲ።

“እሺ፣ ሚስስ ሎቲ።”

“በዚያ ክፍል ውስጥ ስላለፈው ሁሉ አንድ ቀን አንስቼብሽ አላውቅም። ዛሬም አላነሳም።” አተሩ ከእጃቸው ይወድቃል። “ኦሪን እንቅልፍ አጥቷል። እንደ ሕፃን ነው እኮ፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ያን ልጅ ሊጎዳው ፈልጎ ነው?”

“አይደለም።”

“ታዲያ ምንድን ነው የሚያስጨንቅሽ? ትወጂዋለሽ ያንን ጋላቢ?”

ዜልማ ከዚያ በፊት ለማንም ያልመለሰችውን ጥያቄ ለሚስስ ሎቲ መለሰች። “እወደዋለሁ። ግን ባልወደውም ያው ነበር። ልጓሙን የለቀቅኩት እኔ ነኝ።”

ሚስስ ሎቲ አተሩን ይዘው ገቡና በሩን ከውስጥ ቆለፉት። ያ በር ለዜልማ ተቆልፎ አያውቅም ነበር።

ጉዳዩን የሚያየው ሹም ዘንድ የቀረብነው ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ከአንድ ፎቅ ላይ ባለች ሙቀት ባፈናት ክፍል ነው። ሌፍ በተሽከርካሪ ወንበር መጣ። የድርጅቱ ጠበቃ ተነሥቶ ዜልማን ጠየቃት፤ ፀጉሩ በዘይት የተጣበቀ፣ ደስ የሚል ሰው ነበር።

“የዚያን ቀን ጠዋት ሚስተር ዶርሴት የሚያሰክር መጠጥ ጠጥተው ነበር?”

“ጠጥቷል።”

ሌፍ ቀና ብሎ አያት። ጠበቃው ፈገግ ብሎ ሊቀመጥ ሲል ዜልማ ቀጠለች።

“እኔም ጠጥቻለሁ። ኦቲም ያቻትና፣ ጠጥታለች። ሚስተር ማክስዌይንም ከሌፍ ጣሳ ነው የጠጡት፤ የሳቸው ጣሳ እጀታው ተሰብሮ ነበር።”

ክፍሉ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ሹሙም አፉን በእጁ ሸፈነ።

“ያልተጠየቅሽውን...” አለ ጠበቃው።

“ልጨርስ። የሰከረ ሰው አልነበረም። ብረቱ ነው የነከሰው። ሌፍ ሁለት ጊዜ ነገራቸው፤ ነገ እንሥራው አለ። ሚስተር ማክስዌይን ፀሐዩ እየሄደ ነው አሉ። እኔም ሰምቻለሁ። ፈረሶቹን አልለቅም ብል ኖሮ ጋሪው አይንቀሳቀስም ነበር። ለቀቅኩ። ለምን ለቀቅሽ ብትሉኝ፣ እሳቸው እናቴን የቀበሩ ሰው ናቸው፤ ልቀቂ ሲሉኝ እለቃለሁ። ዛሬ ግን አልችልም።”

ሹሙ ወደ ማክስዌይን ዞረ። “እንደዚህ ነበር?”

ማክስዌይን ባርኔጣቸውን በጭናቸው ላይ አንድ ዙር አዞሩት። ዜልማን ብዙ አዩአት። ጠበቃቸው እጃቸውን ቢይዛቸው አወጡት።

“ስለ ፀሐዩ ያለችው ልክ ነው” አሉ።

ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ግን በቂ ነበር፤ ለሌፍ ተፈረደለት። ማክስዌይን በደረጃው ላይ አጠገቧ ሲያልፉ ቆም አሉና፣ “ጮክ ብለሽ ነው የተናገርሽው፣ ጥሩ ነው” አሏት። እንደ ሥራ ያህል። ከዚያ ሄዱ።

ከሥራ ያባረራት የለም። ብቻ ነገ ነይ የሚላት ጠፋ። ሌሎቹ ድርጅቶችም ሰምተው ነበር፤ ዜልማ የሚባለውን ስም ሲሰሙ ጋላቢ ሞልቶልናል ይላሉ። ብርቱካን የሚታሸግበት መጋዘን ገባች። ጠዋት ብርቱካን ትጠቀልላለች፣ ከሰዓት ሌፍን ታያለች። በከዘራ መቆም ሲጀምር ከመጋዘኑ ደጅ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ይጠብቃት ጀመር። እኔም ልጠይቃት ሄጄ አንድ ቀን ተገጣጠምን።

“ስሚ ዜልማ” ይላት ነበር፤ “እኔ ለዕዳ ስትል የምታገባኝ ሚስት አልፈልግም። እግሬን አይተሽ አትዘኝ።”

“እግርህ ደኅና በነበረበት ጊዜም ዳንስ አታውቅም።”

“ቀልድ አይደለም።”

“እኔም አልቀለድኩም። ወንዝ ዳር ያልከኝን ድገመው።”

“እሱ ሥራ ነበር።”

“ሌፍ ዶርሴት፣ ሥራ አይደለም ብለኸኝ ነበር! አሁን ካሜራ የለም፣ ሩጪ የሚለኝ የለም። ኦቲ ብቻ ናት ያለችው፤ እሷ ደግሞ ጆሮዋ ደከም ብሏል።”

ጆሮዬስ ደኅና ነበር። ደገመው። እሷም ቆማ፣ በሥራ ልብሷ፣ ጣቶቿ በብርቱካን ቅባት አብርተው፣ “እሺ” አለችው። የሰርጓን ቀሚስ እኔ ሰፋሁላት።

ፊልሙ ያኔ ወጥቶ ነበር። ማክስዌይን የጋሪውን መውደቅ አላስወገዱትም፤ ሌላ ምን ያደርጋሉ፣ ያ ቀረፃ አንድ ብቻ ነው ያለው። ሌፍ ካላየሁት አለ። ሦስታችን ገባን። ሌፍ ገመዱን ሲጎትት፣ ዳማው ፈረስ ሲንፈራገጥ፣ ጋሪው ሲገለበጥ አዳራሹ በጩኸትና በጭብጨባ ተናጋ። ዜልማ ዓይኗን ጨፍናለች፤ እጄን ጨብጣ ጣቶቼን ልትሰብራቸው ነበር። ሌፍ ግን አንገቱን አስግጎ አየ።

“ባርኔጣዬ ጥሩ አድርጋ ነው የወለቀችው” አለ። ትንሽ ቆይቶም፣ “ዳማው ሲወድቅ ወደ እኔ እያየ ነበር። ያኔ አላየሁትም” አለና ከዘራውን ፈልጎ ወጣ። ውጭ ጎዳናው ላይ ሲያለቅስ አገኘነው። ያንን ፈረስ እሷ ብቻ የምታዝንለት ይመስለኝ ነበር።

ትንሽ በረት ተከራይተው ፈረስ ማሠልጠን ጀመሩ። ቀስ በቀስ ፊልም ሠሪዎቹ መምጣታቸው አልቀረም፤ ጥሩ ፈረስ የሚፈልግ ሰው ስለ ምስክርነት ብዙ አያስታውስም። ዜልማ ግን አንድ ሕግ ነበራት። የሷ ፈረስ የሚታሰርበትን ማንኛውንም ብረትና ገመድ ራሷ ትፈትሻለች፤ ካልወደደችው ፈረሱን ይዛ ትመለሳለች። አንድ ወጣት ዳይሬክተር ሴትዮዋ ሥራ አስፈታችኝ ብሎ ሲጮህ፣ “ጩህ፣ ድምፅ አይቀረፅም” ብላ ጥላው ሄደች።

ማክስዌይን ባለሀብቶቻቸው ከዱአቸው። ፊልሙ ደኅና ቢያተርፍም የአደጋው ወሬ ገደላቸው። ከዚያ በኋላ አጫጭር፣ ርካሽ ፊልሞች ሠሩ፤ ፊልም መናገር ሲጀምር እሱም ቀረ። ዜልማ በየዓመቱ ገና ሲደርስ አንድ ሳጥን ብርቱካን ደጃቸው ላይ ታስቀምጥ ነበር። ሳጥኑ ባዶውን ተመልሶ በረቱ አጥር ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ቃል የለም። ብርቱካኑን ግን በልተውታል እያለች ትጽናና ነበር።

ማክስዌይን ሲሞቱ ከሰው ነው የሰማችው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ፣ ልግባ አልግባ እያለች፣ ሌፍ ክንዷን ይዞ አስገባት። ብዙ ሰው አልመጣም። ሚስስ ሎቲ ከፊት ወንበር ላይ ብቻቸውን ነበሩ፤ አጠገባቸው ቦርሳቸው ተቀምጧል። ዘወር ሲሉ ዜልማን አዩአት። ፊታቸው አልተለወጠም። ቦርሳቸውን አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ዜልማ ሄዳ ባዶው ቦታ ላይ ተቀመጠች።

ይቅርታ የጠየቀም ያደረገም አልነበረም፤ እኔ አልሰማሁም። ግን ሚስስ ሎቲ እሑድ እሑድ እነዜልማ ቤት ምሳ መብላት ጀመሩ። ከሌፍ ጋር ካርታ ይጫወታሉ፤ ሲሸነፉ ሰረቅከኝ ብለው ይጮኻሉ፤ እውነትም ይሰርቃቸው ነበር። አንድ እሑድ ሳህን እያጠብን፣ “ኦሪን ያቺን ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሣት” አሉ ለዜልማ፣ ቀና ሳይሉ።

“ምን አሉ?”

“አዎ ብቻ ብትይለት ኖሮ ዳግመኛ ፊትሽን ማየት አይችልም ነበር። እንደዚያ ብሎኛል። እውነቱን ከተናገርሽም በኋላ ማየት አልቻለም፤ ያ ግን በሌላ ምክንያት ነው።”

ዜልማ እጇ በሳሙና ውሃው ውስጥ ቆመ። “ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም?”

“ተናድጄብሽ ስለነበር ነዋ” አሉ ሚስስ ሎቲ። “አሁንም አልፎ አልፎ እናደድብሻለሁ። ያንን ድስት ደግሞ በደንብ ፈትጊው።”

ሚስስ ሎቲ ሲያረጁ ወደ እነሱ ቤት ጠቅልለው ገቡ። ዜልማ እስከ መጨረሻው አጠበቻቸው፣ አጎረሰቻቸው። ሌፍ ደረጃ መውጣት ስለማይችል ታች ሆኖ ካርታውን ይበውዝና፣ ጮክ ብሎ የትኛውን እንደሚጥሉ ይጠይቃቸዋል፤ እሳቸውም ከላይ ሆነው ይመልሳሉ። ዜልማ በደረጃው መካከል ቆማ የአንዱን ካርታ ለሌላው ስታቀብል ብዙ ቀን አይቻታለሁ።